የሮብ ገበያ መስመር በእጄ በነበረ ጊዜ

ወሬውን የሰማሁት ደምበጫ ገበያ ውስጥ ነው። እናቴን ልጠይቅ ወርጄ፣ አሞሌ ላመጣላት ቆሜ ስከራከር፣ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር መኪናውን ከፈረስ ጋሪዎቹ ኋላ አቁሞ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ጠራኝ።

«እሜቴ! አንቺ እዚህ ጨው ትሸምቻለሽ፣ እዚያ ወንበርሽን ወስደውብሻል!»

«የምን ወንበር?»

«ከአዲስ አበባ ልጅ መጣች። የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። መስመሩን በራሱ እንዲደውል ታደርገዋለች አሉ። ከእንግዲህ ሮብ ገበያን ቁጭ ብሎ የሚጠራ ሰው አያስፈልግም። ሲፈልግ ራሱ ይደውላል፣ ሲጨርስ ራሱ ይዘጋል።»

«በራሱ?»

«በራሱ! እንዳንቺ ዳዊት ልድገም አይል፣ ጾም ነው ደከመኝ አይል!»

ቀልዱን ነበር፤ ሳቅ ብሎ ሄደ። እኔ ግን ጨዉን ሳልገዛ ወደ ቤት ተመለስኩ። እናቴ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ስትለኝ ፀሐዩ ነው አልኳት። ሐምሌ ነበር። ፀሐይ የሚባል ነገር ከወጣ ሳምንት አልፎታል።

አሁን የምኖረው ሰመራ ነው። ባለቤቴ ሥራ ይዞ በረሃው ላይ ከከተምን ዓመታት ሆነን። እዚህ ስለዚያ ብርድና ጭቃ ብናገር የሚረዳኝ ጎረቤት የለም፤ ስለምጽፈው ነገር ደግሞ ጭራሽ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገረው።

ያኔ ደብረ ማርቆስ፣ በገጠር የዘርና የከብት ጤና ጉዳይ ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ዋናው ቢሮ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ቅርንጫፍ ቢሮው ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ሮብ ገበያ። ኢንተርኔት የሚባለውን አብዛኛው ሰው በስሙ ብቻ የሚያውቅበት ጊዜ ነው። ሁለቱን ቢሮዎች የሚያገናኛቸው ተራ የስልክ መስመር ነበር። በሁለቱም ጫፍ ሞደም አለ፤ የኮምፒውተሩን ጽሑፍ ወደ ጩኸት ለውጦ በስልክ የሚልክ፣ መጽሐፍ የምታክል ሳጥን።

ያንን መስመር የምደውለው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዴ። ሞደሙ መጀመሪያ ይንተከተካል፣ ከዚያ እንደ ታመመ ፍየል ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ተገናኝተናል ማለት ነው። የሮብ ገበያ ዝርዝር፣ የትኛው ቀበሌ ስንት ዘር ወሰደ፣ የትኛው መንደር ምን በሽታ ገባ፣ ተስቦ ወርዶ እስኪያልቅ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ሃያ ደቂቃ ዳዊቴን ከመሳቢያ አውጥቼ የዕለቱን እደግማለሁ። ማንም አይናገረኝም፤ ሥራ ላይ ነኝ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ በሩን ገፋ አድርጎ «ሮብ ገበያ ምን አለች?» ይለኛል። እኔም እመልሳለሁ። እንግዲህ ለዚያ ቤት ሮብ ገበያ ማለት እኔ ነበርኩ።

ማንም የማያውቃት አንዲት ነገርም ነበረችኝ። ባሕር ዳር ኮርስ ስወስድ በተማርኩት፣ በራሴ ስም በተከፈተው ማኅደር ውስጥ ትንሽ የትእዛዝ ፋይል ጽፌ አስቀምጬ ነበር። በየሩብ ሰዓቱ ትነሳና የሮብ ገበያን ኮምፒውተር «አዲስ ነገር አለ?» ብላ ትጠይቃለች። ካለ ለእኔ ብቻ ትነግረኛለች። መስመሩ ተዘግቶ ከሆነ መንገድ ስለማታገኝ ምንም ሳትል ትተኛለች። በዚህች ብልሃት ዝርዝሩ ገና እየወረደ ሳለ ውስጡ ያለውን አውቄ እናገራለሁ። «ይቺ ሴትዮ ታያለች እንዴ!» ይሉኝ ነበር። ብልሃቱን ለማንም አልነገርኩም። ደስ ይለኝ ነበርና።

ከደምበጫ በተመለስኩ ማግስት ልጅቷ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ሌላ ጠረጴዛ ተደርጎላት ተቀምጣ አገኘኋት። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እሷ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ስገባ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

«እትዬ፣ እርስዎን ነበር የምጠብቀው። ሁሉም ነገር በእርስዎ እጅ ነው ብለውኛል።»

«እትዬ» ያለችኝ ለአክብሮት ነው። እኔ ግን ያን ቀን ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ፊቴን አየሁ።

እንዳልጠላት የሚያደርግ ነገር ሁሉ ነበራት፤ ያ ነው የባሰ ያናደደኝ። ጉረኛ ብትሆን በቀለለኝ። ሾፌሩን «ጋሼ» ትለዋለች፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ትይዝላታለች። ካገባች አምስት ወሯ ነው። ባሏ እዚያው ከተማ መምህር ሆኖ ተመድቦ እሱን ተከትላ ነው የመጣችው። ሥራ ያገኘችው ለአርባ አምስት ቀን ሙከራ ነበር፤ ካልቀጠሏት አዲስ አበባ ተመልሳ እሱ እዚህ፣ እሷ እዚያ ሊኖሩ ነው። ይህንን በገባች በሦስተኛው ቀን ራሷ ነገረችኝ፤ እንደ ታላቅ እህት ቆጥራኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ባሏ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። እኔ ዝናቡን በነጠላዬ ተከናንቤ ብቻዬን እሄዳለሁ።

ቢያንስ በጸሎት እበልጣታለሁ ብዬ ነበር። ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ሲጀመር፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ለኪዳን ስሄድ፣ ከሴቶች በኩል ከምሰሶው ሥር ነጭ ለብሳ ቆማ አየኋት። እኔ ሁልጊዜ ከምቆምበት ቦታ። አንገቷን ደፍታ ስለነበር አላየችኝም። ያን ዕለት ከኪዳኑ አንድ ቃል አልሰማሁም። «እዚህም?» እያልኩ ብቻ ቆሜ ወጣሁ።

ሥራውን ግን ታውቅ ነበር። ሁለት ነገር ልታደርግ ነው የመጣችው። አንዱ መጭመቅ ነው። አንድ ጠዋት ወንበሬን ጠጋ አድርጋ አስረዳችኝ።

«ይኸውልዎ እትዬ፣ የሮብ ገበያ ዝርዝር ውስጥ አንድ ዓይነት ቃል ስንቴ ይመላለሳል? ‹ገብስ›፣ ‹ገብስ›፣ ‹ገብስ›። የቀበሌው ስም በየመስመሩ። ይኼ ሁሉ በስልክ ሲሄድ መስመሩ ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ ይሸከማል። አሁን ግን መጀመሪያ ሲመጣ ሙሉውን ይልካል፣ ከዚያ በኋላ ‹ያንኑ› ብቻ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ማሽን ይዘረጋዋል።»

«ወዲያኛው ካላወቀስ?»

«እሱ ነው ዋናው! ሁለቱም ጫፍ አስቀድመው መስማማት አለባቸው። አንዱ የማያውቅ ከሆነ ሳይጨመቅ እንደ ድሮው ይሄዳል።»

ወዲያው ገባኝ። አባቴ ቄስ ነበር፤ ብራናም ይጽፍ ነበር። በየአንቀጹ መጨረሻ የሚመላለሰውን ምላሽ ሙሉውን አይጽፍም፤ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ብቻ ጥሎ ያልፋል። አንባቢው የሚያውቀው ስለሆነ ከዚያ ይሞላዋል። ይህን ብነግራት እንዴት ደስ ባላት ነበር። ዓይኗ ሲበራ ታየኝ። አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። ለምን ደስ ይበላት?

ሁለተኛው ሾፌሩ የነገረኝ ነው፤ መስመሩ በራሱ እንዲደውል ማድረግ። ወደ ሮብ ገበያ የሚላክ ማናቸውም ነገር ሲነሳ ማሽኑ ራሱ ይደውላል፤ ሦስት ደቂቃ ምንም ሳያልፍበት ከቆየ ራሱ ይዘጋል። የወዲያኛውን ጫፍ ለማስተካከል ሮብ ገበያ ድረስ ወጣች፤ መኪናው ጭቃ ይዞት ግማሹን መንገድ በእግሯ ሄዳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የገባችው አሉ። ሲመለሱ ሾፌሩ ስለ እሷ አውርቶ አልጠግብ አለ።

መስመሩ የተከፈተ ዕለት ሁላችንም ተሰበሰብን። ሥራ አስኪያጁ ከራሱ ጠረጴዛ አንድ ደብዳቤ ወደ ሮብ ገበያ እንዲልክ አደረገችው። ማንም ወደ ሞደሙ አልተጠጋም። ሞደሙ ብቻውን ተንተከተከ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ።

«በስመ አብ!» አለች ጸሐፊዋ።

ከዚያ የዕለቱን ዝርዝር ከወዲያ አስመጣች። ሃያ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞር ብሎ «እንግዲህ አንቺም አረፍሽ!» አለኝ። ማረፍ መቼ ጠየቅሁት? ዳዊቴ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የምደግምበት ሃያ ደቂቃ ግን አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ ከሮብ ገበያ ስሞታ መጣ። የቢሮው ስልክ በአካባቢው ከሚገኙት ጥቂት ስልኮች አንዱ ስለነበር የታመመ የሚያመላልስ መኪና የሚጠራው፣ የእንስሳት ሐኪም የሚያስልከው ሁሉ እዚያ ነው የሚመጣው። አሁን ስልኩን ሲያነሱ ያ ጩኸት ነው። ሲዘጋ ጠብቀው ይደውላሉ፤ እነሱ ሲነጋገሩ መስመር አጥቶ የቆየው ማሽን ደግሞ ስልኩን ገና ከማስቀመጣቸው ይገባል። ልጅቷ መዝገቡን አወጣች፤ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲደውል ሲዘጋ፣ ሲደውል ሲዘጋ ነው የዋለው፤ ከሠራተኛው መልእክት ጋር ተደባልቆ የትኛው ለምን እንደተነሳ አይለይም።

«እርጥበት ነው መሰለኝ» አለች ግንባሯን ይዛ። «መስመሩ ይቆረጥና መልሶ ይደውላል።» ስልክ ቤት ሄደች፤ ሽቦ አስፈተሸች፤ የመዝጊያውን ጊዜ አሳጠረች። አልተሻለም። አንድ ቀን ወደ እኔ ዞራ፦

«እትዬ፣ በዚህ ማሽን ላይ ሰዓት ጠብቆ በራሱ የሚነሳ ያስቀመጡት ነገር ይኖር ይሆን? የእርስዎን ማኅደር አልከፈትኩም፤ የግል ነው ብዬ።»

«እኔ ምን አውቄ! እናንተ ናችሁ የተማራችሁት» አልኳት።

ያኔ ያቺ ፋይል ትዝ ብላኝ ነበር ወይስ አልነበረም? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ትዝ አላለችኝም ማለት እፈልጋለሁ። መስመሩ ሲዘጋ ዝም ብላ የምትተኛ ነበረች፤ ምን ታደርጋለች? በዚህ ላይ ራሴ እንዳልፈርድ ተውኩት፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አላውቅም ማለት አልችልም።

ሮብ ገበያ ቢሮውን የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ሆነው ብዙ ደጅ የጠኑ፣ ንባብም ዜማም የሚያውቁ። ዓይናቸውን ለመታየት ሰኞ ዕለት ሆስፒታል ወርደው ነበርና ወደ እኔ ጎራ አሉ። ልጅቷ ስልክ ቤት ሄዳ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

«የኔ ልጅ፣ ያ ሳጥን ነገር እኮ አላስቀምጥ አለኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ምን ሆነ አባባ?»

«ትናንት እሑድ አይደለም? ቢሮው ዝግ። አንድ ሰው የለም። እዚህም ዝግ ናችሁ። ከቅዳሴ መልስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያም ጀመርሁ። ስጀምር ጮኸ። የዕለቱን ጨርሼ፣ አንቀጸ ብርሃንን ደግሜ ስነሳ፣ ጮኸ! አይ፣ ገጥሞ ይሆናል ብዬ ደግሞ ከመጀመሪያው አነሣሁ። እዚያው ስደርስ ጮኸ። አምስት ጊዜ ደገምሁት። አንድም ጊዜ አልቀደመኝም፣ አንድም ጊዜ አልዘገየኝም። እንደ ዲያቆን እየተቀበለኝ ዋለ!» ብለው ሳቁ፤ የታመመውን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «እርጥበት ነው ትላለች አሉ ልጅቱ። እርጥበት እንዲህ ሰዓት ያውቃል እንዴ?»

«ኧረ አያውቅም» አልኩ።

«እሱን ነው የምላት። እኔ እንኳ አልገባኝም፤ ግን ቆጥሬዋለሁ። ቆጥረው ሲነግሯት ይገባት ይሆናል። ምስኪን፣ እንቅልፍ አጥታለች አሉ። አደራ፣ ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ አባባ።»

ሲወጡ እጃቸውን ሳምኩ። በሩ እንደተዘጋ ተቀመጥኩና የእሑዱን ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃንን በልቤ ደገምኩ፤ ዓይኔን ግድግዳው ሰዓት ላይ ተክዬ። ሩብ ሰዓት ነበር።

የእኔ ፋይል ናት። ድሮ መስመሩ ሲዘጋ ትተኛ ነበር፤ አሁን ግን ስትጠይቅ መስመሩ ራሱ ይነሳላታል። በየሩብ ሰዓቱ «አዲስ ነገር አለ?» ትላለች፤ ማሽኑም ልጅቷ እንዳስተማረችው ታዝዞ ይደውላል። የልጅቷ ሥራ አንዲት ስሕተት አልነበረበትም። ያቺን ፋይሌን ማጥፋት ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም።

አላጠፋኋትም። ልጅቷ ከስልክ ቤት ስትመለስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። «አባባ መጥተው ነበር አሉ፤ ዓይናቸው እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «ደኅና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል» አልኳት። ጾሙን የያዝኩት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ያን ቀን እስከ ማታ አልቀመስኩም። ከጸጸት አልነበረም። ደስታ ይሁን ፍርሃት ዛሬም አላውቅም።

ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። የሮብ ገበያው ኃላፊ ቡትስ ጫማውን ሳያወልቅ በቁጣ ገባ።

«ስልኩ እኮ የእኛ መሆኑ ቀረ! ሰውዬው በሬው ሊሞትበት፣ መስመር ስላጣ ሐኪም ሊጠራ በፈረስ እዚህ ድረስ ወረደ። እስኪመለስ በሬው የለም! በእርሻ ሰዓት! ምን ልበለው? ኮምፒውተር እያወራ ነበር ልበለው?»

«ምንድነው የሚያወራውስ እሱ ሁሉ?» አለ ገንዘብ ያዡ። ሰው ሳቀ።

ልጅቷ ብድግ አለች። «አንድ ሳምንት ብቻ ስጡኝ። ምክንያቱ ከመስመሩ ነው ወይስ ከማሽኑ ነው የሚለውን ካወቅሁ መፍትሔው ቀላል ነው። መጭመቁ ሠርቷል፣ መደወሉም ሠርቷል። አንድ የማላየው ነገር ነው የሚቀሰቅሰው።»

«ሳምንት ሳምንት እያልን ክረምቱ ሊያልቅ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ዝም ብለሻል። ይህን መስመር ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ምን ትያለሽ?»

ሁሉም አዩኝ። ልጅቷም አየችኝ፤ በተስፋ። ታላቅ እህቷ ልትናገርላት እንደሆነ አድርጋ።

«እኔ እንግዲህ» አልኩ፣ ነጠላዬን እያስተካከልኩ፣ «በእጄ ስደውል በነበረ ጊዜ የሮብ ገበያ ስልክ እንዲህ ተይዞ አያውቅም።»

እውነት ነው። ከዚያ ንግግር ውስጥ አንድም ውሸት አታወጡም። ከቤት ጀምሬ ሳዘጋጀው ያደርኩት ስለሆነ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው።

«ይኸው!» አለ የሮብ ገበያው ኃላፊ ጠረጴዛውን መትቶ።

በዚያው አለቀ። መስመሩ እንደ ድሮው በእጅ እንዲደወል ተባለ። የልጅቷ የሙከራ ጊዜ ሊሞላ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው፤ አልቀጠሏትም።

ልትሰናበተኝ ስትመጣ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። የሠራችውን ሁሉ በጥሩ እጅ ጽሑፍ የጻፈችበትን ደብተር ሰጠችኝ፤ የትኛው ትእዛዝ የት እንደሚገባ፣ ለምን እንደሆነ። «ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅምዎታል» አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ የክርስትና ስሟን ነገረችኝ። «እርስዎ የጸሎት ሰው ነዎት። ሲጸልዩ ያስቡኝ እትዬ። ከባለቤቴ ጋር አንድ ላይ እንድንሆን።»

የአንድን ሰው የክርስትና ስም ሲሰጡሽ አደራ ነው። ያን ስም ጸሎቴ ላይ ለማንሳት ዓመት ፈጀብኝ። ምላሴ ላይ ይመጣና እዘለዋለሁ። የሞቱትን፣ የታመሙትን፣ እስረኞችን ሁሉ አንስቼ እሷን እዘላለሁ።

እሷ የሄደች ዕለት ያቺን ፋይሌን አጠፋኋት። ወንበሬም፣ ሃያ ደቂቃዬም ተመለሱልኝ። ዳዊቱን ገልጬ እቀመጣለሁ፤ ሞደሙ ይጮኻል፤ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ይቆማል።

ከጥቅምት በኋላ ይመስለኛል ዘበኛው ሽማግሌ ለዓይናቸው ቀጠሮ መጡ።

«ያ ጩኸት እኮ ጸጥ አለ!» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። «የቆጠርሁልሽ ጠቀማት?»

«ጠቅሟታል አባባ» አልኳቸው።

«ተመስገን። እኔ እኮ ማይም አይደለሁም!» ብለው ሳቁ።

ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ሌሎች ቅርንጫፎች ሲጨመሩ፣ መስመሩ በራሱ የሚደውልበት መንገድ ካለ ይሞከር ተባለ። ደብተሯን አውጥቼ ያለችውን ቃል በቃል አስገባሁ። አንድም ጊዜ አላስቸገረም። ደምበጫም በዚያው ተገናኘ። ሥራ አስኪያጁ በሁሉም ፊት አመሰገነኝ፤ «ከአዲስ አበባ የመጣችው ያቃታትን የእኛዋ ሠራችው» ተባለ። ያ ወሬ እስከዛሬ እንደሚወራ ባለፈው ፋሲካ ደምበጫ ስሄድ ሰማሁ። በሰው ፊት ሲያወሩልኝ ፈገግ አልኩ። ያ ፈገግታዬ ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ።

ለነፍስ አባቴ ከተናገርኩት ቆይቷል። ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ፣ «ስግደቱን ስገጂ፤ ግን ስግደቱ እሷ ዘንድ አይደርስም። ሂጂና ንገሪያት» አሉኝ። የባሏን ትምህርት ቤት ጠየቅሁ፤ ዝውውር ጠይቆ ሄዷል አሉኝ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። አብረው ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። አሁን ስሟን በየቀኑ አነሳለሁ፤ ግን እውነቱን ለመናገር አሁንም አንዳንድ ጊዜ፣ በዚህ በረሃ ከባሌ ጋር በሰላም እየኖርኩ እንኳ፣ ያ ጥቁር ጃንጥላ በሩ ላይ ቆሞ ይታየኝና ደረቴ ውስጥ ያ አሮጌ ነገር ይነቃነቃል። ሙሉ በሙሉ ለቆኛል ብል እዋሻለሁ።

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ ስብሰባ የነበራችሁ፣ ጠረጴዛውን የመታኸው ወንድሜ፣ ጸሐፊዋ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ከሁሉ ቀድመህ ወሬውን ያመጣህልኝ ሾፌራችን፣ ይህን ካነበባችሁ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ስለዚያ መስመር ስታወሩ እኔ እንደሠራሁት አድርጋችሁ አታውሩ። የሠራችው እሷ ናት፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ከደብተሯ መገልበጥ ብቻ ነው። ሽማግሌው በሕይወት ካሉ ደግሞ ቁጥራቸው ትክክል እንደነበረ፣ እኔ ግን እንዳልነገርኳት ንገሩልኝ።

ሁለተኛ፣ ከመካከላችሁ እሷ የት እንዳለች የሚያውቅ ካለ፣ ስለ እኔ ሆኖ ይቅርታ አይጠይቃት፤ እሱን እኔው በአፌ እጠይቃታለሁ። ያለችበትን ብቻ ንገሩኝ።